አልደረሰም ያልኩት እጅ

ቀኝ እጄን ኪሴ ከትቼ መሄድ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። የመንደሩ ሰው ብርድ ነው ይላል። የምን ብርድ! በጠራራ ፀሐይም ከኪሴ አትወጣም።

ኤውዳልድ እባላለሁ፤ ከበርጋ ከተማ በላይ ተራራው ላይ ሞተር እጠግናለሁ። እኛ ጋ ልጅ በእግሩ መሄድ እንደቻለ ሞተር ላይ ይቆማል። ይቆማል ያልኩት በእውነት ነው፤ ቋጥኝ የሚወጣ ሞተር መቀመጫ የለውም። ውድድሩም የፍጥነት አይደለም፤ ቋጥኙን እግር ሳያወርዱ መውጣት ነው። እግርህን ካወረድክ አንድ ነጥብ፣ ከወደቅክ አምስት ይጻፍብሃል፤ ነጥብ የበዛበት ይሸነፋል። ጋላቢው ሲወጣ ጓደኛው አናቱ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ሲል መሪውን ይዞ ያድነዋል። ግን ጠባቂው በጣቱ ጫፍ እንኳ ከነካ፣ እሱም አምስት ነው።

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የጓደኛዬ የጊፍሬ ጠባቂ እኔ ነበርኩ።

የሞተበትን ቋጥኝ አማት እንላታለን፤ የመጣባትን ሁሉ ወደ መጣበት ስለምትመልስ። ከሰው ቁመት በላይ ናት። ያን ቀን የውድድሩ መጨረሻ እሷ ነበረች፤ ጊፍሬ በሦስት ነጥብ አንሶ እየመራ ነው። ከታች ሆኖ ቀና አለና እየሳቀ፣ "እንዳትነካኝ!" አለኝ። የፊት ጎማው አናት ላይ ደረሰ፤ ወገቡ ግን ወደ ኋላ ቀረ። ሞተሩ ሽቅብ ቀጥ አለ። እጄን ዘረጋሁ፤ መሪው ከጣቶቼ ስንዝር አይርቅም። አምስቱ ነጥብ ትዝ አለኝ። ይመልሰዋል አልኩ፤ ሁልጊዜ ይመልሰው ነበራ! እጄን ሰበሰብኩ። እሱ ከታች፣ ሞተሩ ከላይ ሆነው ወደቁ።

ለፖሊሱም ለቄሱም "እጄ አልደረሰም" አልኩ። ለእናቱ ለእትዬ ሬሜይም እንደዚያው። በቀብሩ ዕለት እትዬ ሬሜይ ቀኝ እጄን ይዘው ሳሙትና፣ "ይቺ እጅ ልጄን ለማዳን ሞክራለች" አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር ይስሟታል። ኪስ የገባችው ለዚህ ነው። ያ "እንዳትነካኝ" የሚለው ድምፅም አልተወኝም፤ የማንንም ሞተር ባስነሳ ከጭሱ ጋር ይወጣል።

ባለፈው መጋቢት የጊፍሬ እህት ከራልት የወንድሟን ሞተር እየገፋች ጋራዤ መጣች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው።

"አስነሳልኝ። ከዚያ አስተምረኝ።"

"አንቺ ሂጂና ክኒንሽን ቁጠሪ።"

"አንተ እምቢ ካልክ ባርቶሜው ያስተምረኛል።"

"ባርቶሜው? እሱ የቤቱን ደረጃ እንኳ በስንት ልመና ነው የሚወጣው!"

ሳቀች። ሳቋ የወንድሟ ሳቅ ነው። እምቢ ማለት አቃተኝ።

በወደቀ ግንድ ጀመርን። "ቀስ ብለሽ ቅረቢ። ፍሪሲዮኑን ያዢ። ጉልበትሽን እጠፊና ሞላውን ወደ ታች ተጫኚው፤ መልሶ ሲያነሳሽ ነዳጅ ስጪ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቂ። የፊት ጎማው ሲነካ አንቺ ወደ ፊት! ወገብሽ ከኋላ ከቀረ አለቀልሽ።"

መቶ ጊዜ ወደቀች። መቶ ጊዜ ተነሳች።

"አትጎትቺው አልኩሽ እኮ! አንቺ ቀድመሽ ውጪ፣ እሱ ይከተልሻል።"

"እንደ ወንድ ነዋ።"

"ከወንድ ይሻላል፤ ይሄ የነገሩትን ይሰማል።"

በግንቦት መጨረሻ ወገቧ ድረስ የሚመጣ ድንጋይ እግሯን ሳታወርድ ትወጣ ጀመር። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ነው የምለው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ አለኝ። አንድ ቀን ጓንቷን እያወለቀች፣ "እሁድ ወደ አማት እንሄዳለን" አለችኝ።

"አብደሻል?"

"ካልመጣህ ብቻዬን እሄዳለሁ።"

እንደምታደርገው አውቃለሁ። እሁድ ጠዋት ሄድን። አናቷ ላይ ሰው ሊቆምበት የሚችል ደልዳላ ቦታ አንድ ብቻ ነው። ጫፏ ላይ የጊፍሬ ጎማ የጣለው ጥቁር ምልክት አለ፤ የአራት ዓመት ዝናብና በረዶ አላጠበውም።

"የት ነበር የቆምከው?" አለችኝ ከታች።

"እዚህ።"

"እዛው ቁም።"

ያኔ ነው የገባኝ። ብትገለበጥና ብይዛት፣ ያው ቋጥኝ፣ ያው ሞተር፣ ያው እጅ ነው፤ ውሸቴን በዓይኗ ታየዋለች። ካልያዝኳትስ? ይህን ማሰቤን ራሱ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እጄን ከኪሴ አወጣኋት።

መጀመሪያ ግማሽ ድረስ ወጥታ በደህና ተመለሰች። በሁለተኛው ሞተሩን አስጮኸች፣ ጉልበቷን አጠፈች፣ መጣች። የፊት ጎማው ጥቁሩ ምልክት ላይ አረፈ። ወገቧ ወደ ኋላ ቀረ። ሞተሩ ሽቅብ ቀጥ አለ።

"እንዳትነካኝ!"

በጆሮዬ ነው የሰማሁት። የሷ ድምፅ አልነበረም፤ እየሳቀ ነበር።

"ዝም በል!" ብዬ ጮህኩና መሪውን ጨበጥኩት። ክንዴ ሊነቀል ደረሰ፤ አልለቀቅኩም። ጎትቼ ከነሞተሯ አናት ላይ ጣልኳት። ሞተሩ ጠፋ። ሁለታችንም እያለከለክን ተቀመጥን።

ከራልት ሄልሜቷን አወለቀችና አሁንም መሪውን የጨበጠውን እጄን አየችው።

"ደረሰ" አለች።

"ሆን ብለሽ ነው የተገለበጥሽው?"

"ሞኝ ነህ እንዴ? ልሞት ነበር እኮ!" እንባዋ መጣ። "ስንት ጊዜ መጥቼ ከዚህ እስከ ምልክቱ በገመድ ለካሁት መሰለህ። ይደርሳል ይለኝ ነበር ገመዱ። እኔ ግን እንዴት አድርጌ ልመን? ጎማው እዚህ ሲደርስ መሪው የት እንደሚሆን ሳልወጣ አላውቅም።"

"ደርሶ ነበር" አልኳት። "በሦስት ነጥብ ይመራ ነበር። ይመልሰዋል ብዬ ነው።"

አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስታ ዳኞች አምስት ነጥብ ሲጽፉ እንደሚያደርጉት አምስት ጣቷን ፊቴ ላይ ዘረጋች።

"ለእማዬ ራስህ ትነግራታለህ። ዛሬውኑ።"

ቁልቁል ወርደን እነሱ ቤት ሄድን። እትዬ ሬሜይ በሩን ከፍተው ቲማቲም በያዘው እጃቸው ግቡ አሉን፤ እኛ ጋ እንደሚደረገው ለምሳ ዳቦ ላይ እያሹት ነበር። ቲማቲሙን አስቀምጠው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና እንደ ልማዳቸው ቀኝ እጄን ፈለጉ። ያን ቀን ኪሴ ውስጥ አልነበረችም። ወደ ከንፈራቸው አነሷት።

"አይሳሟት፣ እትዬ ሬሜይ" አልኩ። "ደርሳ ነበር። ሰብስቤያት ነው።"

ከንፈራቸው ሳይነካት ቆመ። እጄን ግን አልለቀቁም። አጥንቴ እስኪሰማኝ ጨመቋት፤ እኔም አልጎተትኩም።