ለኦቦ ቀጄላ የተተከለው ድንኳን

ሰብለወርቅ የእድሩ ሰብሳቢ ከሆነች ወዲህ አንድም ለቅሶ ተዝረክርኮባት አያውቅም። ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ንፍሮው ይቀርባል፤ ሟቹ ቀና ብሎ ቢያይ «እሰይ» ባላት ነበር። መሀል አዲስ አበባ የነበረው ሰፈራቸው ፈርሶ ቡራዩ ከገቡ ወዲያ ደግሞ የቀራቸው ነገር ይኸው እድር ብቻ ነው። ቡራዩ ያልገባው ጎረቤት እኩሌታው ሰበታ፣ እኩሌታው ሱሉልታ ተበትኗል፤ የሚገናኙት ሰው ሲሞት ነው። የሚገናኙበትም ከገፈርሳ ባሕር ዛፍ ጥግ ያለችው ሜዳ ናት።

ሜዳዋን የሰጧቸው ኦቦ ቀጄላ ናቸው። ሽማግሌ ፊት ቆመው «የእድሩ ትሁን፣ እኔንም አባል አድርጉኝ» አሉ፤ ተመረቀ፣ ተጨበጨበ። ወረቀት ያነሳ ሰው አልነበረም። መርቆ የሰጠን ሰው «ፈርም» ማለትማ ነውር ነው!

እንግዲህ ዘንድሮ የፕላን ሰዎች መጡና ጫካው ክልላዊ ፓርክ ሊሆን ነው፣ ከፓርኩ ጎንም አዲስ የከተማ ማዕከል ሊሠራ ነው አሉ። ይዘውት የመጡት ሥዕል ዓይን ይማርካል። ፏፏቴ አለ፣ ብስክሌት የሚነዳ ቤተሰብ አለ፣ ውሻ ሳይቀር አለ። በእድሩ ሜዳ ላይ ደግሞ ሰፊ አደባባይ ተነጥፏል። የእድሩ ሰው ራሱን ሥዕሉ ውስጥ ፈልጎ ፈልጎ አጣው።

ማክሰኞ ችካል ሊመታ ነው ሲባል ባለሱቁ አብዱሰመድ አንድ ቁም ነገር ተናገረ፤ ኦቦ ቀጄላ ይምጡና ይመስክሩ አለ። ሽማግሌው አሟቸው ሱሉልታ ልጃቸው ጋ ከሄዱ ከርመዋል። ሰብለወርቅ አልተዋጠላትም። ሱሉልታ ደርሶ መመለስ ቀን ሙሉ ይፈጃል፣ የታክሲውን ሰልፍ ማን ይችለዋል? ድንኳን ግን በአንድ አፍታ ይቆማል። ለቅሶ ቤት ደጃፍ ችካል የሚመታ የእናት ልጅ ደግሞ ገና አልተወለደም። አብዱሰመድ በሞት አይቀለድም እያለ አጉረመረመ፤ ቢሆንም ወንበሩን የተሸከመው እሱ ነው።

ቀያሾቹ መጡ። ድንኳኑን ሲያዩ መሣሪያቸውን ደጅ አስቀምጠው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ንፍሮ ተዘገነላቸው። ሰብለወርቅ በልቧ ጮቤ ረገጠች። ይሁንና ያን ሁሉ ሲያሰናዱ አንዲት ነገር ዘንግተው ነበር፤ ማን እንደሞተ የወሰነ ሰው የለም!

የቀያሾቹ አለቃ ኤቢሴ፣ ገና ወጣት መሐንዲስ፣ ጠጋ ብላ ሟቹ ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሰብለወርቅ ዙሪያውን ቃኘች። እዚህ የተቀመጠውን እንዳትለው ተቀምጧል፤ ልጁን እንዳትለው እናቱ ትሰማለች። የራቀና ያረጀ ሰው ስትፈልግ አፏ ላይ የመጣው ኦቦ ቀጄላ ነበር።

«ያ ዋቃዮ!» አለች ኤቢሴ፣ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ። ለካ አሳምራ ታውቃቸዋለች። ችካል ሳይመታ ዋለ፤ እድርተኛውም ንፍሮውን አሟጦ፣ ሰብለወርቅን አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር እያለ ወደየቤቱ ሄደ።

በሳምንቱ ኤቢሴ ብቻዋን ተመልሳ መጣች፤ የሟችን ቤተሰብ ልታጽናና።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሜዳው የእድሩ መሆኑን ሰምቼ ነበር» አለቻት። «እሳቸው ቀርበው ቢመሰክሩልኝ አደባባዩን ወዲያ ላዞረው ነበር። ምን ይደረጋል፣ ሞት ቀደመን።»

ሰብለወርቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በማግስቱ ያ የተጠላው የሱሉልታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ጎህ ሳይቀድ ተገኘች። ኦቦ ቀጄላ ልጃቸው ደጅ ፀሐይ እየሞቁ አገኘቻቸው። ከመክሳታቸው የተነሳ ጋቢው ሰው የለበሰው አይመስልም። መርዶው ቀድሟት ደርሷል፤ ከተፍኪ ዘመድ እያለቀሰ መጥቶ፣ በሕይወት ሲያገኛቸው ደንግጦ ተመልሷል። ሰብለወርቅ ድንኳኑን በችኮላ፣ ሜዳውን በዝርዝር አስረዳች። ፕላኑ ለሚጸድቅበት የሕዝብ ስብሰባ ይምጡልን ብላ ለመነች። እሳቸውም እሺ አሉ።

በስብሰባው ዕለት ኦቦ ቀጄላ ከዘራቸውን ይዘው ሲገቡ አዳራሹ ተንጫጫ። ኤቢሴ ክው አለች፣ ከዚያ ፊቷ በደስታ ፈካ። የመጣ ጉድ ይምጣ፣ ሰውየው አሉ! ወንበር አስመጥታ ካስቀመጠቻቸው በኋላ ሜዳውን ለእድሩ ሰጥተው እንደሆን ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቀቻቸው።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ክረምቱን ሙሉ ሱሉልታ ተኝቼ በር በሩን ሳይ ከረምኩ» አሉ። «ከእድሩ እንዴት አደርክ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ስሞት ግን ድንኳኑ ሞልቶ ነበር አሉ፤ ንፍሮም አልተረፈም። ሜዳውን የሰጣችሁ ቀጄላ ሞቷል። ምስክር ካስፈለጋችሁ ለቅሶ የተቀመጡትን ጠይቁ።»

ተቀመጡም። ኤቢሴ ወደ ሰብለወርቅ ዞረች። ሰብለወርቅ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ መልሳ ተቀመጠች። በሞት የዋሸች የእድር ሰብሳቢ ምን ብላ ትታመናለች? መድረክ መሪው ሰዓቱን አየና ሌላ አስተያየት ከሌለ ፕላኑን በጭብጨባ እናጽድቅ አለ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እድርተኛውም ከልማዱ አብሮ አጨበጨበ።

ሰብለወርቅ በሰው መሀል ተሹለክልካ ሄዳ ከኦቦ ቀጄላ አጠገብ ተቀመጠች። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር።

«ምንዎን ነበር ያመመዎት?» አለቻቸው።

ጭብጨባው ስለበረታ አልሰሟትም።