አየለች አፍሪዳር ለቅሶ የደረሰችበት ቀን

ያሪቭ መሞቱን ለደጅይጥኑ የነገረው አብሮ አደጉ ሳጊ ነው። ደጅይጥኑ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቶ መኪናው ውስጥ ሲገባ ስልኩ ጮኸ። «መናሄላችን ሄደ» አለው ሳጊ። መናሄል በዕብራይስጥ ርዕሰ መምህር ማለት ነው። ያሪቭ ሚግዳል በሚባለው ሰፈር ገበያው አጠገብ የነበረውን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለብዙ ዘመን የመራ ሰው ነበር። ሁለቱም እጁ ላይ ነው ያደጉት።

ደጅይጥኑ በቀጥታ እዚያው ሚግዳል ወዳለው የእናቱ ቤት ነዳ። አየለች ወሬውን ስትሰማ ደረቷን ያዘች።

«ጋሼ ያሪቭ? እኔ ሳልቀድመው?»

ከዚያ ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቀድማው ወጣች።

መንገድ ላይ ልጇ ፈራ ተባ እያለ ጀመረ። «እማዬ፣ የዚህ አገር ሰው ለቅሶ እንደኛ አይደለም። ሰባት ቀን ቁጭ ብለው ስለ ሟቹ ያወራሉ እንጂ አይጮኹም። አደራሽን፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

«ሰው ሞቶበት ዝም የሚባል ቤት አለ?»

«እዚህ አለ።»

«እንግዲህ አገሩ ያውቃል» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ያሪቭ ይኖርበት የነበረው አፍሪዳር ሰፈር ሲደርሱ ቤቱ ሞልቶ ሰዉ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል። አብዛኛው የድሮ ተማሪ ነው። ፖሊሱ ከነደንቡ ልብሱ፣ ነርሷ ከሥራ እንደወጣች፣ ገበያ ላይ አትክልት የሚሸጠውም ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። የሟቹ ሚስት አዲና እንደ ሐዘንተኛ ደንብ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። ውኃ የምታድለው ልጇ ታሊ ወደ ደጅይጥኑ ጠጋ ብላ፣ «አባዬ ከሞተ ወዲህ አንዴ እንኳ አላለቀሰችም፤ ፈርተንላታል» አለችው።

ሰዉ በየተራ ያወራል። ሳጊ በኳስ የቢሮውን መስኮት የሰበረበትን ቀን አነሣ። «ይገርፈኛል ብዬ ስንቀጠቀጥ፣ ከየት ሆኜ እንደመታሁ ጠየቀኝ። ከግቢው ወዲያ ማዶ ስለው በጣም ተገረመ። ከዚያ መስታወት ገዝቶ መጣና 'በል ያዝ፣ አብረን እንገጥመዋለን' አለኝ።» ሳጊ ዛሬ የመስኮትና የበር ሥራ አለው፤ ነገሩን የሚያውቁ ሁሉ ሳቁ።

ተራው የደጅይጥኑ ሆነ። ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር በአውሮፕላን በመጡበት ዓመት ገና ትንሽ ልጅ ነበር። አስተማሪዋ ስሙ ምላሷን ቢያስቸግራት «ከዛሬ ጀምሮ ዳን ነህ» አለችው። ያሪቭ ይህን ሲሰማ ክፍሉ ድረስ መጣ። «አባትህ ማን ብሎ ነው የሰየመህ?» ሲለው ልጁ ነገረው። ከዚያ ወዲያ ያሪቭ ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ እየቆመ ስሙን ይሞክራል። «ዴጊትኑ! ደጂቲኑ!» ጠ እምቢ አለችው። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ እሱም አብሮ ይስቃል። አንድ ቀን አፉ ላይ ልክ ስትገባለት ግቢው በጭብጨባ ተናጋ።

«ትርጉሙን ጠየቀኝ» አለ ደጅይጥኑ። «ሰው ደጁ ቆሞ ይጠብቀው ማለት ነው አልኩት። 'ለካ በየጠዋቱ በር ላይ የሚያቆመኝ ስምህ ነው!' አለኝ።»

ደጅይጥኑ ራሱ አስተማሪ ከሆነ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይቆማል። ይህን ግን አልተናገረም።

ሳቁ ገና ሳይበርድ አየለች ተነሣች። ልጇ የነጠላዋን ጫፍ ቢይዝም መንጭቃ አስለቀቀችው። ደረቷን እየደቃች፣ በዚያ በሚያውቀው የጎንደር ዜማ አወጣችው፤

«ሰው የለኝም ብዬ ሳለቅስ ለብቻዬ፣
በዝናብ የመጣህ ያሪቭ መከታዬ።
አፍህ ሌላ ቢሆን፣ ቋንቋህ ቢለይብኝ፣
ልጄን ከጉያዬ አላስወሰድክብኝ።»

ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ደጅይጥኑ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ምን እያለች ነው?» አለች ታሊ በዕብራይስጥ።

መተርጎም ጀመረና የመጨረሻዋ ስንኝ ላይ ቆመ። ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ማን ሊወስደኝ ነበር?»

አየለች እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«አባትህ በሞተ በዓመቱ ነው። ሰዎች መጥተው ፕኒሚያ እናስገባው፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ይሻለዋል አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? የመንግሥት ቃል ነው ብዬ ልብስህን አጣጥፌ አስቀመጥኩ። አመሻሹ ላይ፣ ያ ዝናብ ሲወርድ፣ ጋሼ ያሪቭ ጎረቤታችንን ጓንጉልን ለማስተርጎም ይዞ መጣ። ውኃው ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ፣ 'እናቱ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?' አለኝ። እዚህ አገር ከገባሁ ሁሉም ሂጂ፣ ነይ፣ ተቀመጪ ይለኛል እንጂ ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። ከእኔ አይለይ አልኩት። 'እንግዲያው አይለይም' ብሎ ሄደ። ምን ብሎ እንደተሟገተልኝ አላውቅም፤ ሊወስድህ ተመልሶ የመጣ ግን የለም።»

«ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?»

«ሊወስዱህ ነበር ብዬ ልንገርህ? እንቅልፍ ታጣ ነበር።»

ደጅይጥኑ ለሐዘንተኞቹ ተረጎመው። ሲጨርስ አዲና ከዝቅተኛው ወንበር ተነሣች። «አንድ ማታ እንዲያ በስብሶ ገባ» አለች። «ሳንባህን ልትታመም ነው ብዬ ጮኽኩበት። የት እንደነበረ እንኳ አልነገረኝም።» ይህን ብላ አየለች አንገት ላይ ተጠመጠመችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ታሊም መጥታ ሁለቱንም አቀፈቻቸው። አየለች የአዲናን ጀርባ እየዳበሰች፣ «አልቅሺ፣ አልቅሺ እኅቴ፣ ይውጣልሽ» ትላታለች በአማርኛ።

ደጅይጥኑ እንሂድ ቢላት እናቱ እምቢ አለች። እዚያው ትቷት ሄዶ ማታ ሊወስዳት ሲመለስ ሰዉ ሳስቷል፤ ሁለቱ ሴቶች ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ።

ወደ ቤት ሲነዳ፣ «ምን ስታወሩ ዋላችሁ?» አላት።

«ስለ ባሎቻችን።»

«በምን ቋንቋ?»

«እኔ በእኔ፣ እሷ በእሷ። ነገም እሄዳለሁ።»

«ነገ እስከ ማታ አስተምራለሁ፣ እማዬ። ማን ያደርስሻል?»

«ከሚግዳል አውቶቡስ የለም እንዴ? የትኛው እንደሆነ ብቻ አሳየኝ» አለችው።