አቶ መሸሻ የፈረዱት

ዘነበወርቅ እንደ ወትሮዋ ጎህ ሲቀድ ተነሳች። ባዶውን ጋን በግራዋ ቅጠል አጠበች፤ በወይራ አጠነችው። ከዚያ ከትናንቱ ጠላ ቀዳ አድርጋ ቀመሰች። ጌሾው ምላሷን ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቃት። ወጥቶለታል። ባሏ ማይጨው ከቀረ ወዲህ ቤቷ የቆመው በዚህ ጠላ ነው።

ገና በማለዳው ለጣልያኑ ሹም የሚያስተረጉመው የሰፈሯ ልጅ ሀብተሥላሴ ብቅ አለ።

«እትዬ፣ ሹሙ ዛሬ እርስዎ ዘንድ ይመጣል። ኮልፌን በሙሉ ቢራ ሊያስጠጣ ነው። ጠላና ቢራ ያስቀምስና ጠላው የተነቀፈበትን ቤት ጋኑን ሰብሮ ቢራ ያስሸጠዋል። ቀማሽ ያዘጋጁ።»

«ጋሼ መሸሻ አሉልኝ» አለች።

አቶ መሸሻ የባሏ የክርስትና አባት ናቸው። ጠዋት የመጀመሪያው ዋንጫ የሳቸው ነው፤ ጠላዋን ሳያመሰግኑም ወጥተው አያውቁም። ስለዚህ ሲመጡ ምንም አልነገረቻቸውም። የሚሉትን ማስጠናት ድፍረት መሰላት።

ሹሙ ከሁለት ወታደሮች ጋር ገባ። ዘነበወርቅ ለሽማግሌው ጠላ ቀዳች፤ ጭልጥ አድርገው ጢማቸውን ጠረጉ። ቀጥሎ ሹሙ ጠርሙስ ከፍቶ በገዛ እጁ ቀዳላቸው። ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሲጎነጩ ፊታቸው ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው ሲጨማደድ አየች።

«የቱ ይሻላል?» አለ ሀብተሥላሴ።

አቶ መሸሻ ለሹሙ እጅ ነሱ። «የእንግዳው ነዋ። የኛማ ያው የቤት ነው፤ ምን ይወራለታል?» ብለው ጠርሙሱን በመዳፋቸው አመለከቱ።

ሀብተሥላሴ ወደ ዘነበወርቅ ዞረ። ሹሙ ግን መዳፋቸውን አይቶ ሳይተረጎምለት ሳቀ።

«ይሉኝታ ነው በለው» አለች ዘነበወርቅ። «እኛ እንግዳ ያጠጣንን ፊቱ ላይ አንነቅፍም በለው።»

ሀብተሥላሴ ነገረው። «ሰው ያልጣመውን ለምን ያመሰግናል ይላል፣ እትዬ።»

ወታደሮቹ ጓዳ ዘልቀው ጋኖቹን በሰደፍ መቷቸው። ጠላው ከነአተላው እስከ ደጃፉ ወረደ። ሹሙ ጠርሙሶቹን መደቡ ላይ ደርድሮ «ይህን ሽጪ» አስብሏት ወጣ።

«ልጄ፣ አላወቅሁም» አሉ አቶ መሸሻ። «አንቺ ቤተኛ ነሽ፣ አትቀየሚኝም ብዬ ነው። እሱ እንግዳ ነው።»

«ማን ጠራውና ነው እንግዳ የሆነው? የክርስትና ልጅዎን የበላ እኮ ነው። ለሱ ነውር አወቁለት፤ ለኔስ?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ገል መልቀም ጀመሩ።

«ይተዉት። ጋሼ፣ ይተዉትና ይሂዱልኝ።»

ሄዱ። ከሹሙ ይልቅ በሳቸው ነደደች። ጠዋት ሳትነግራቸው መቅረቷ ትዝ ሲላት ደግሞ ንዴቱ ወደ ራሷ ዞረ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አተላው ላይ ደፋቻቸው።

አሁን በዘነበወርቅ ጓዳ ጋን የለም። አቶ መሸሻም ጠዋት ጠዋት አይመጡም።