መስፈርቱን አያሟላም

ኮምፒውተሩ ለሦስተኛ ጊዜ እንቢ ሲል እትዬ ቁልፍ የሚወገዱ ዕቃዎችን ዝርዝር በብብታቸው ይዘው የክፍሉ በር ላይ ደርሰው ነበር። ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ ከበሩ ድረስ ይነበባል፤ «ይህ ኮምፒውተር የአዲሱን ሲስተም ዝቅተኛ መስፈርት አያሟላም» ይላል። ከሥሩ «ዝጋ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ አለች።

የባዮሎጂ መምህሩ ግን አልዘጋውም። አገጩን በመዳፉ ደግፎ፣ የተማሪ ፈተና እንደሚያርም ሰው ጽሑፉን ደጋግሞ ያነበዋል።

«እሱ እኮ ቁርጡን ነግሮሃል» አሉ እትዬ ቁልፍ። «አንተ ነህ የማትሰማው።»

«ቆይ እስቲ» አለ መምህሩ ዘወር ሳይል።

ተማሪዎቹ ስም ያወጡለት በዚህችው አነጋገሩ ነው። ቅጠል ሥር ትል ቢያገኝ ቆይ እስቲ፣ የተሳሳተ መልስ ቢያይ ቆይ እስቲ፣ የደወል ሰዓት ቢደርስም ቆይ እስቲ። ሴትዮዋንም ቢሆን ወላጆቻቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራቸው የለም። ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤቱን ንብረት ክፍል ሲይዙ ቁልፎቹን ከወገባቸው አውርደው ስለማያውቁ፣ ከርዕሰ መምህሩ እስከ ጥበቃው ድረስ ለሁሉም እትዬ ቁልፍ ናቸው።

አሁን የመጡት መምህሩን ዝርዝሩ ላይ ለማስፈረም ነው። በክፍሉ ውስጥ ሃያ ያረጁ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በካርቶን ታሽገው ሲመጡ አንድ በአንድ ቆጥረው የተረከቡት እሳቸው ናቸው። ካለፈው ዓመት ወዲህ የማጠናቀቂያ ፈተናው በኮምፒውተር ሆኗል። የፈተናው ፕሮግራም አዲሱ ሲስተም ካልተጫነልኝ አልሠራም ይላል፤ አዲሱ ሲስተም ደግሞ እንዲህ ያረጀ ዕቃ ላይ አልጫንም ይላል። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ሃያውም ይወገዱ ብሎ ወሰነ። መምህሩ አንድ ቀን ብቻ ስጠኝ ብሎ ለመነው። ያቺ ቀን ዛሬ ናት። በዘጠኝ ሰዓት ከፈተናዎች ቢሮ ባለሙያ ትመጣለች። የሚሠሩ አሥር ኮምፒውተሮች ካገኘች ተማሪዎቹ እዚሁ በፈረቃ ይፈተናሉ። ካላገኘች እንደ አምናው ሁለት መኪና ቀይረው ሌላ ከተማ ሄደው ማደር ሊኖርባቸው ነው።

አምና ከስልሳ አራቱ ተማሪዎች አሥራ ዘጠኙ ሳይፈተኑ ቀሩ። ከነዚያ አንዷ እትዬ ቁልፍ ያሳደጓት የሟች እህታቸው ልጅ ነበረች። መኪና አልጠፋም፣ ልጅቷም አልታመመችም። «የማላውቀው ቦታ አታድሪም» ብለው የከለከሏት ራሳቸው ናቸው። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም፤ ደብተሮቿን ሰብስባ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለቻቸው። አሁን መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ቆማ ትውላለች። እትዬ ቁልፍ ያን ነገር ለማንም አውርተው አያውቁም።

«ስንት ጊዜህ ነው?» አሉት ወደ ውስጥ ገባ ብለው።

«እዚህ በደንቡ መንገድ ስሞክር ሦስተኛዬ ነው። ቤት ግን…» አለና ጠርዙ የተበላ ደብተር ገልጦ አሳያቸው። በቁጥር የተደረደሩ መስመሮች ናቸው፤ ከመጨረሻው በቀር ሁሉም ተሰርዘዋል። «አርባ አንድ፤ የተሳካው የመጨረሻው ብቻ ነው። እነዚህን የሚመስል አሮጌ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ አለኝ። ሁለት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ላይ ነበርኩ። ሚስቴ ሁለተኛ ትዳር ይዘሃል ትለኛለች።»

«አርባ ጊዜ ሳይሆን ቀርቶ ነው አርባ አንደኛ የሞከርከው?»

«አርባውም አንድ ዓይነት አይደሉማ፣ እትዬ። እያንዳንዱ የወደቀው በተለያየ ቦታ ነው። ይኼ እዚህ ጋ፣ ይኼ ደግሞ ትንሽ አለፍ ብሎ።» ጣቱን በደብተሩ ላይ ወደ ታች አስኬደ። «ኮምፒውተሩ አይችልም ማለት ሌላ ነው፣ የሠሩት ሰዎች አልሞከሩትም ማለት ሌላ ነው። በዚህ ዕድሜ ዕቃ ላይ ስላልሞከሩት ኃላፊነቱን አንወስድም አሉ። አልዋሹም። የቀረውን መሞከር የኛ ፋንታ ነው።»

እትዬ ቁልፍ ዝርዝሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወንበር ሳቡ። «እስቲ ልይህ» አሉ።

መምህሩ ከየመምህራኑ የተዋሳቸው አምስት ፍላሾች ነበሩት። የአዲሱ ሲስተም መጫኛ በእያንዳንዱ ላይ ተቀድቷል። አንዱን ሰክቶ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳ። የመጫኛው ገጽ ብቅ እንዳለ ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫን ጥቁር መስኮት ተከፈተ። ከደብተሩ እያየ፣ ነጥብና ሰረዝ ሳይስት፣ ጥቂት መስመሮች ጻፈባት።

«ምን እያልከው ነው?»

«ዕድሜህን አልጠይቅህም፣ አንተም አትጠይቀኝ እያልኩት ነው። ፍተሻውን ዝለለው ማለት ነው።»

ጥቁሩን መስኮት ዘጋና «ቀጥል» የሚለውን ተጫነ። ያ መልእክት አልመጣም። በምትኩ ዜሮ በመቶ የሚል ቁጥር ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ አንድ ሆነ፣ ከዚያ ሁለት። እትዬ ቁልፍ ወተት ጥደው እንደሚጠብቁ ሁሉ ዓይናቸውን ከቁጥሩ ላይ አላነሱም።

ቁጥሩ መቶ ደርሶ ሲስተሙ ሲከፈት ግን እያንዳንዱ ነገር ይንቀራፈፋል። አንድ መስኮት ለመክፈት ሰው ቆሞ ሰላምታ የሚጨርስበት ጊዜ ይፈጃል። መምህሩ ይህንንም ያውቀው ነበር። ካቻቢቴ አወጣና የኮምፒውተሩን ጎን ከፈተ። ከውስጥ ጣት የምታህል ስስ ሰሌዳ አሳያቸው።

«ራም ትባላለች። እየሠራ ሳለ ነገሩን ሁሉ የሚይዝባት ናት፣ እንደ ትሪ በሏት። እዚህ ያሉት በአንድ አንድ ትሪ ነው የሚሠሩት። አዲሱ ሲስተም ሁለት ይፈልጋል።»

«ሃያ ኮምፒውተር፣ ሃያ ትሪ» አሉ እትዬ ቁልፍ ወዲያው። «ከአሥሩ ነቅለህ ለአሥሩ ብትሰጥ ልክ አሥር ይወጣል። ትርፍ ግን የለህም።»

መምህሩ ቀና ብሎ አያቸውና ፈገግ አለ። «ይቺን ሒሳብ ለመሥራት እኔ አንድ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።»

ከዚያ በኋላ ሥራው እጅ በእጅ ሆነ። እሱ ይነቅላል፣ እሳቸው የኮምፒውተሩን ቁጥር በጠመኔ ወለሉ ላይ እየጻፉ ይደረድራሉ። አምስት አምስቱን አንድ ላይ ጫኑ። ሰባት ሰዓት ላይ ዳቦና ሻይ አስመጥተው ቆመው በሉ። መምህሩ ጉንጩ ሞልቶ ሳለ እንኳ ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ይዞራል፤ ሲቆም አያጉረመርምም፣ ሲሳካም አይፎክርም፤ ብቻ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። እትዬ ቁልፍ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ዕቃ የሚሰብር እንጂ ዕቃን እንዲህ የሚታገሥ መምህር አልገጠማቸውም ነበር።

ዘጠኙ ተነሡ። አሥረኛው ሲበራ ሦስት ጊዜ ጮኸና ጸጥ አለ።

«ሁለተኛዋን ራም አላያትም እያለ ነው» አለ መምህሩ። ነቅሎ መልሶ ሰካት። አሁንም ሦስት ጊዜ ጮኸ። ግንባሩን ጠረገ። ሌላ ትርፍ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሰሌዳዋን ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን አገላበጣት። ወርቃማው ጠርዟ ላይ ጠቆር ያለ ነገር አለ። «ላጲስ ይኖርዎታል?»

«የእርሳስ ላጲስ?»

«አዎ።»

እትዬ ቁልፍ ከቀሚሳቸው ኪስ አወጡና ሰጡት፤ ለመዝገብ ሥራ ላጲስ አይለያቸውም። መምህሩ ጠርዙን በላጲሱ በዝግታ፣ የሕፃን ጥርስ እንደሚያጸዳ ሰው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ፈገፈገው። እፍ ብሎ ብናኙን አራገፈና ሰካት። ማብሪያውን ሲጫን አንድ ጊዜ ብቻ፣ አጭር ድምፅ ሰጠ። ስክሪኑ በራ።

እትዬ ቁልፍ ላጲሱን ተቀብለው ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ስምንት ተኩል ላይ ሌላ ችግር ገጠማቸው። ፈተናው ከመረብ ጋር መገናኘት አለበት፤ አዲሱ ሲስተም ግን የእነዚህን አሮጌ ኮምፒውተሮች የኔትወርክ ካርድ አያውቀውም። መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«የቤቴ ኮምፒውተር ካርዱ ሌላ ዓይነት ነው። ይኼን አላሰብኩትም። የዚህን ካርድ ድራይቨር የሠራው ድርጅት ተዘግቷል፣ ኢንተርኔት ላይም የለም።»

«ድራይቨር ማለት?»

«ካርዱን ለሲስተሙ የሚያስተዋውቀው ነው። ድሮ ከኮምፒውተሩ ጋር በሲዲ ይመጣ ነበር። ማን ያስቀምጠዋል ብለው ነው?»

እትዬ ቁልፍ ተነሥተው ወጡ። መምህሩ የተቀየሙት መሰለው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አቧራ የጠጣ ካርቶን ታቅፈው ተመለሱ። ሃያ ሲዲዎች፣ ሃያ የመመሪያ መጻሕፍት፣ ሃያ የዋስትና ወረቀቶች፣ ሁሉም በላስቲክ እንደታሸጉ ናቸው።

«ዕቃ ስረከብ አብሮት የመጣውን አልጥልም» አሉ። «ስንቴ ቦታ አጣበቡ ብለው ሊያስጥሉኝ ነበር።»

መምህሩ ላስቲኩን ሲቀድድ እንደ ልጅ ቸኮለ። ሲዲው ገብቶ ትንሽ አጉረመረመ። ሲስተሙ ይህ ለቀድሞው ዘመን የተሠራ ነው ብሎ አስጠነቀቀ፤ እሱም ግድ የለም፣ ቀጥል አለው። ከስክሪኑ ጥግ የነበረችው ቀይ ምልክት ጠፋች።

«እትዬ» አለ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ሁለት ወር ደክሜያለሁ፤ እርስዎ ግን አሥራ አራት ዓመት ሲጠብቁት ነበር።»

«ሥራህን ሥራ» አሉት፤ ፊታቸው ግን ፈካ ብሎ ነበር።

የቀሩትን ዘጠኝም በሲዲዎቹ እንደጨረሱ፣ ባለሙያዋ በዘጠኝ ሰዓት ከርዕሰ መምህሩ ጋር መጣች። ወጣት ናት፤ በወሬ ጊዜ አታባክንም። አሥሩ ላይ በየተራ ተቀምጣ የሙከራ ፈተናውን ከፈተች፤ ጻፈች፣ ላከች፣ ዘጋች። ጨርሳ ቀና ስትል ፊቷ ላይ ግራ መጋባት ነበረ።

«ይሠራሉ» አለች። «ግን በዝርዝሬ ላይ ድጋፍ የተቋረጠባቸው ናቸው ይላል።»

«ልክ ነው» አለ መምህሩ። ርዕሰ መምህሩ በዓይኑ ዝም በል ቢለውም ቀጠለ። «ድጋፍ የላቸውም። ሲስተሙ ወደፊት ማሻሻያ ሲመጣለት ሊያምፅ ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፈተና በፊት መፈተሽ አለባቸው፤ ከወደቁም እንደገና መጫን። አሠራሩን ሁሉ ጽፌዋለሁ።» ደብተሩን ዘረጋላት።

ባለሙያዋ ቆማ ገጾቹን አገላበጠች፤ የተሰረዙትንም ጭምር አነበበች። «ይህን ደብተር ፎቶ ባነሣው ቅር ይልሃል?» አለች። «እንዲህ የቆሙ ኮምፒውተሮች ያሏቸው ሌሎች ትምህርት ቤቶች አሉኝ።»

«አንሺው» አለ። አፈር ብሎ ነበር።

«ፈቃዱን እሰጣለሁ» አለች ፎቶውን ስትጨርስ። «ግን ተጠሪ እፈልጋለሁ። ችግር ቢፈጠር የምጠይቀው ሰው። ተፈታኞቹን የሚያስተምር መምህር መሆን አይችልም፣ ደንቡ ይከለክላል።»

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንኳ ስብሰባ ይበዛብኛል…» አለና የጀመረውን ሳይጨርስ ተወው። መምህሩ ወለሉን አየ።

እትዬ ቁልፍ የሚያውቁትን ሥራ ያውቃሉ፤ ወንበር ይቆጠራል፣ ጠመኔ ይመዘናል፣ በር ይቆለፋል። እዚያ ሳጥን ውስጥ የሚካሄደው ግን አይቆጠርም፣ አይቆለፍም። አንድ ነገር ቢሰናከል የተፈታኞቹ ቤተሰብ ሁሉ ደጃቸውን ያንኳኳል። አምና የተሰቀሉት ደብተሮች ትዝ አሏቸው።

«ስሜን ጻፊ» አሉ።

ባለሙያዋ በትሕትና ዞረች። «እናቴ፣ ሲስተሙ ቢወድቅ መልሰው መጫን ይችላሉ?»

«ዛሬ አልችልም። ፈተናው መቼ ነው?»

«ከሦስት ሳምንት በኋላ።»

«እንግዲያው ያን ጊዜ እችላለሁ ብለሽ ጻፊ።»

ባለሙያዋ ቀና ብላ አየቻቸውና ጻፈች። ፊርማቸውን እንደ ሁልጊዜው ረጋ ብለው፣ ስማቸውን አንድም ፊደል ሳያስቀሩ አኖሩ።

ባለሙያዋና ርዕሰ መምህሩ ሲወጡ መምህሩ ፍላሾቹን መሰብሰብ ጀመረ። «ይረፉ አሁን፣ እትዬ። ከሰኞ ጀምሮ ቀስ ብዬ አሳይዎታለሁ።»

«አንዱን አጥፋልኝ።»

«ምኑን?»

«ሲስተሙን። ከአሥሩ አንዱን ባዶ አድርገው፣ እንደ ጠዋቱ።»

መምህሩ ፍላሾቹን እንደያዘ ቀረ። «የሚሠራውን? ስንደክምበት የዋልነውን?»

«የማይሠራውማ ትሪ የለውም፣ በምን ልማር?» አሉ። «እያየሁህ ውያለሁ፤ ማየት ግን እጅ አይሆንም። አንተ ከኋላዬ ቁም እንጂ ምንም እንዳትነካ።»

መምህሩ አሥሩን ኮምፒውተሮች ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ በሩ አጠገብ ወዳለው ሄደ፤ በላጲስ የዳነው እሱ ነው። ሲስተሙን ከነጭራሹ ሰረዘው። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

እትዬ ቁልፍ የቁልፉን ቀለበት ከወገባቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ሲቀመጡ ስለሚወጋቸው ነው። መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን በግራ እጃቸው በኩል ገለጡት። ፍላሹን አገላብጠው አዩና በመጀመሪያ ሙከራ በተገላቢጦሽ፣ በሁለተኛው በትክክል ሰኩት።

«መጀመሪያ የቱን ልጫን?» አሉ።