ዕጩ ያልነበረችው ሊቀመንበር

ምርጫው ተበላሸ፤ አንባቢዎቹ ዕጩ ያልሆነች ሴት መረጡ።

መጽሔቱ ላይ በየሳምንቱ በሥዕል የሚወጣው ታሪክ ስለ አንድ ፎቅ ተከራዮች ነበር። ለተከራዮቹ ሊቀመንበርነት ሦስት ወንዶች ይወዳደራሉ። ዋና አዘጋጁ አሸናፊውን አንባቢ ይምረጥ ብለው ከገጹ ግርጌ የድምፅ መስጫ ወረቀት አሳተሙ፤ ቆርጦ፣ ስም ጽፎ መላክ ነው። ገጽ የሚሣለው ግን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ስለሆነ፣ ገና አንድ ድምፅ ሳይመጣ ከሦስቱ አንዱ፣ ጠበቃው፣ አሸንፎ፣ ቀለም ተቀብቶ ተቀምጧል። ሠዓሊዋ ያኔ ትንፍሽ አላለችም። አሁን የሚያንገበግባት ያኔ ዝም ማለቷ ነው።

ፖስታዎቹ ሲከፈቱ ከስድስት መቶው ድምፅ አራት መቶ አሥራ ሁለቱ «ደረጃ የምትጠርገዋ» ይላል። ከዕጩዎቹ ኋላ ቦታው ባዶ እንዳይመስል ሠዓሊዋ ጣል ያደረገቻት ሴት ናት፤ መልኳን በጥቁር ቀለም ድፍን አድርጋ፣ መጥረጊያ አስይዛ፣ አንድም ቀን ንግግር ሳትጽፍላት። አንዱ አንባቢ «እነሱ ሲያወሩ እሷ ስትሠራ አየናት» ብሎ ጽፏል።

የሠዓሊዋን ገጾች ቀለም የሚቀቡት ጋሼ ሳቃቸው አላስቆም ብሏቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ዋና አዘጋጁ ግን ዓይናቸውን በጨው አጥበው ጠበቃው ይታተም አሉ። ሠዓሊዋ ሙጭጭ ስትልባቸው ጥቂት ለዘብ አሉ። እሺ፣ ትመረጥ፤ ግን መልኳ ቀላ ይበል፣ የሊቀመንበር ፊት መታየት አለበት። ከጎኗም አንድ ወንድ አማካሪ ይቁምላት።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አሉ ጋሼ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ። «ጥቁሩ ቀለም ደግሞ ምን በደለ?»

«አለቃ፣ አልታይ ያለችው ለእርስዎ ብቻ ነው» አለች ሠዓሊዋ። «አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አይቷታል።»

ዋና አዘጋጁ የወረቀቱን ክምር አዩት። ማተሚያ ቤቱ እስከ ነገ ጠዋት እንደሚጠብቅ በቅሬታ ተናገሩ። ቀጥለውም ጠየቋት፦

«ለመሆኑ ተመርጣ ምን ልትል ነው?»

ሠዓሊዋ አላወቀችም፤ አላውቅም አለች። ይህን ጊዜ አለቃው ወንበራቸውን ሳብ አድርገው፣ ሴትየዋ በመጀመሪያ መራጮቿን ማመስገን እንዳለባት ያስረዱ ጀመር። ጋሼ የለም፣ በቀጥታ ስለ ኪራይ ትናገር አሉ። አለቃው ትሕትና ያስፈልጋታል አሉ። ጋሼ ቁጣ አሉ። ሁለቱም ጣታቸውን እያወዛወዙ ወደ ሠዓሊዋ ዞሩ።

ሠዓሊዋ ሊቀመንበሯን ልትሥል ባዶ ወረቀትና የጥቁር ቀለም ጠርሙሷን አንሥታ ወጣች፤ በሩንም ዘጋችባቸው።