ከደሴ ወልድያ፣ በይለፍ ቃል

፩

ማረጋገጫው አልተሳካም።

፪

ይህን የሚለው የወልድያው ማሽን ነው። የሚለውም ለደሴው ማሽን ነው። ዛሬ ግን ሁለቱም ደሴ ናቸው፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ክንድ ያህል ተራርቀው ተቀምጠዋል። የቴክኒክ ኮሌጁ ለተማሪዎቼ ማሳያ ይሁኑኝ ብሎ ለመነ፤ ባለንብረቱ የገበሬዎች ዩኒየንም «የደሴው ቴክኒሺያናችን ይመር ያገናኛቸው» አለ። ድሮስ የሁለቱ ቅርንጫፎች ኮምፒውተሮች እንዲነጋገሩ በስልክ መስመር ያገናኛቸው ማን ሆነና። ያኔ ፀጉሩ ገብስማ አልሆነም ነበር።

እሱና ሰዓዳ ነበሩ።

፫

ሰዓዳ ማን ናት? አትቸኩል፣ አንባቢ። የወልድያ ቅርንጫፍ ቴክኒሺያን ነበረች። ይመር የሚያውቃት በድምፅዋ ብቻ ነው። ጠዋት አውቶቡስ ቢሳፈር ለምሳ ይደርስባት ነበር፤ እሱ ግን «አንድ ቀን ብቅ እላለሁ» እንዳለ ከረመ።

፬ (መመሪያ)

በራስህ ማሽን ላይ የሌላኛውን ስም ጻፍ።

ሌላኛው በራሱ ላይ ያንተን ስም ይጻፍ።

የይለፍ ቃሉ በሁለቱም ላይ አንድ ይሁን። አንዲት ፊደል ብትለይ አይተዋወቁም።

ይመር ከዚህ የበለጠ የፍቅር ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም።

፭ (የመጀመሪያው ወር፣ በስልክ)

ሰዓዳ፦ ፓስወርዱን ምን እንበለው?

ይመር፦ መሀላችን ያለ ከተማ ይሁን። ውጫሌ።

(ግማሽ ቀን ሙሉ አልተሳካም።)

ይመር፦ ቆይ፣ እንዴት ነው የጻፍሽው?

ሰዓዳ፦ ደብሊው፣ አይ…

ይመር፦ አይ ከየት መጣ? ደብሊው፣ ዩ ነው እንጂ።

ሰዓዳ፦ እናቴ የውጫሌ ልጅ ናት። አንተ ልታስተምረኝ ነው?

ይመር፦ ድሮም ውጫሌ ላይ ሁለት ወገን አንድ ነገር ጽፎ አያውቅም።

ሰዓዳ፦ (እየሳቀች) በል ያንተን አጥፋው። አንቀጽ አሥራ ሰባትን የምተረጉመው እኔ ነኝ።

አጠፋው።

፮

ቃሉ በየወሩ መቀየር ነበረበት።

ውርጌሳ።

መርሳ።

ሲሪንቃ።

ልብ ብለሃል? በየወሩ አንድ ከተማ ወደ እሷ ይጠጋል። ይመር ሆን ብሎ ነው ያደረገው፤ ሰዓዳም ገብቷታል። «ይመሬ፣ አፍንጫዬ ስር ደረስክ እኮ» ያለችው ሲሪንቃ ላይ ነው። ልቡ ዘለለች፤ እግሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ፈሪ ነበር፣ ምን ይደበቃል። ያቺ «ይመሬ» ያለችበት ድምፅ እስከ ዛሬ ውል ትለዋለች።

፯

ከዚያ አዲስ መስመር መጣ። የድሮው ቅዳሜ ሊቆረጥ ዐርብ ዕለት ሰዓዳ ደወለች።

«የዚህን ወር ቃል በእኔ በኩል ቀይሬዋለሁ። አልነግርህም፣ ገምት። ያገኘኸው እንደሆነ ደውልልኝ።»

ከሲሪንቃ በኋላ ምን ቀረ? ወልድያ።

አልተሳካም።

በ«ኦ» ጻፈው። በ«ኢ» ጻፈው። «ዋይ» ጨመረበት፣ መልሶ አወጣው።

አልተሳካም።

«አትምጣብኝ ማለቷ ነው» አለና ስልኩን ሳያነሳ ዋለ። መስመሩ ቅዳሜ ተቆረጠ። እሷ ከርማ አገባች፤ እሱ እንዲሁ ቀረ።

፰ (ዛሬ፣ በስልክ)

ለሥራ ነው የምደውለው ብሎ ራሱን ሸነገለ።

ሰዓዳ፦ አቤት።

ይመር፦ ይመር ነኝ። የደሴው።

ሰዓዳ፦ አለህ እንዴ?

ይመር፦ አለሁ። ማሽንሽ እምቢ አለኝ። የመጨረሻው ቃል ምን ነበር?

ሰዓዳ፦ እስከ ዛሬ አላገኘኸውም?

ይመር፦ ወልድያን ያልጻፍኩበት አጻጻፍ የለም።

ሰዓዳ፦ ወልድያማ እኔ አለሁበት፤ ምን ያደርግልኛል?

ይመር፦ ታዲያ?

ሰዓዳ፦ ደሴ።



ይመር፦ ደሴ?

ሰዓዳ፦ አንተ ሲሪንቃ ላይ ቆመህ ቀረህ። እኔ ልመጣ ነበራ። የእሁዱን አውቶቡስ ትኬት ቆርጬ ስልክህን ስጠብቅ ነበር። ባትደውል ጊዜ አልፈለገኝም አልኩ።

፱

ይመር ከወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። የገዛ ከተማውን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልሞከረም ነበር።

«በአንድ ኤስ ነው በሁለት?» አላት።

«በሁለት።»

ጻፈው። ማሽኖቹ ተዋወቁ። ይመር ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

«ተሳካ?»

«ተሳካ።»

«በል ለኮሌጁ ልጆች ከመስጠትህ በፊት ቀይረው። የእኛን አትስጣቸው።»

«ምን ልበለው?»

«እሱንም እኔ ልንገርህ? ባለቤቴ ካረፈ ቆየ፣ ልጆቼም ወጥተዋል። ቤት ውስጥ ያለሁት እኔው ብቻ ነኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን አንተ ጻፈው፤ መስመር ላይ ነኝ።»

፲

አዲስ የይለፍ ቃል፦



የይለፍ ቃሉን ይድገሙ፦