በመጀመሪያው ቀን የሚቀረፅ ሞት

«ቁጥር ሠላሳ ሰባት፣ ክፍል አራት።»

ድምፁ የሚመጣው ጣሪያው ሥር ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ከቁጥሩ በፊት የሚሰሙት ድምፁን ነው። ቀና ይላሉ። አንዷ ሌላዋን በክርኗ ጎሸም ታደርጋታለች።

«ይቺ ድምፅ ያቺ ምራት አይደለችም እንዴ?»

«የቷ ምራት?»

«በቴሌቪዥን! የአማቷን መድኃኒት የደበቀችው!»

ከመሃል አንዱ ደፈር ያለ ይነሳና የካርድ ክፍሉን መስኮት ተጠግቶ አንገቱን ያሰግጋል። ከመስታወቱ ጀርባ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያወረደች የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ተቀምጣለች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» ትላለች ቀና ሳትል። «ካርድ ይዘዋል?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በተከታታይ ድራማው ምራት ሆና ሠርታለች። እውነተኛ ስሟን ከእህቷ በቀር የሚያስታውስ የለም፤ ሰው ሁሉ ምራት ይላታል። በደጉ ጊዜ አንዲት አሮጊት ገበያ መሃል አግኝተዋት «የኔንም ልጅ እንዲህ ነው ያደረግሽው!» ብለው በዣንጥላ ጀርባዋን ሲነርቷት ዣንጥላው ተሰበረ። ዝናብ ስለነበረ ምራት ራሷ ታክሲ ይዛ ቤታቸው አደረሰቻቸው። አሮጊቷ ሲወርዱ፣ «መቼም አልምርሽም» አሏት። ያን ጊዜ ይሄን እያወራች ትስቅ ነበር። አሁንም ታወራዋለች፤ ሳቁ ግን የት ላይ ይገባ እንደነበር ጠፍቶባታል።

ከድራማው የወጣችበትን ነገር ለማንም አታወራም። እህቷ ግን ታውቃለች፤ አብራት ነበረች።

የድራማው አዘጋጅ መቀስ ይባላል። ስሙን ያወጡለት ተዋናዮቹ ናቸው። መቀስ አንድ ሕግ አለው፦ አዲስ የተቀጠረ ተዋናይ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን፣ ሌላ ምንም ሳይሠራ፣ ሞቱን ይቀረፃል። ካሴቱ ስም ተጽፎበት ቢሮው ውስጥ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ተዋናዩ የጨዋ ልጅ ሆኖ እስከሠራ ድረስ እዚያው ነው። ጭማሪ የጠየቀ፣ የተከራከረ ወይም የቀረ እንደሆነ መቀስ ብድግ ብሎ ካሴቱን ያወርድና ያስተላልፈዋል።

ምራት የጠየቀችው ፈቃድ ነበር። እናቷ ታመው ሦስት ሳምንት ላስታምም ስትለው፣ «ሂጂ እንጂ፣ እናት እኮ ናት» አላት። በሁለተኛው ሳምንት እህቷ ቤት እራት እየበሉ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበር። ምራት ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝታ ራሷን አየች። ፊቷ የሃያ አራት ዓመት ፊት ነው፤ እሷ ደግሞ ሠላሳ ሦስት ሞልቷታል። እጇ ላይ ጉርሻ እንደያዘች ሞተች።

«ምነው ሳትነግሪኝ?» አለች እህቷ።

«እኔም አሁን መስማቴ ነው።»

እናቷ ከመኝታ ክፍል ተጣሩ። «ማነው የሞተው?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለች ምራት፤ ሄዳም ትራሳቸውን አስተካከለችላቸው።

በሳምንቱ ሰዉ የሚያወራው ምራት ስትሞት እንዴት ልጅ እንደመሰለች ነበር። መቀስም አልደወለም፣ እሷም አልደወለችም። ከዚያ በኋላ የቀጠራት የለም፤ የሞተን ሰው በሌላ ድራማ አስነስቶ ማሳየት ተመልካች ያደናግራል ይሉ ነበር። ክሊኒክ ገባች። አሥራ ሦስት ዓመት ሆናት።

ባለፈው ሰኞ ስልኳ ጠራ።

«ምራት! አለሽ በሕይወት?» መቀስ ነው።

«አለሁ፣ ጋሼ።»

«አዲስ ድራማ ጀምሬያለሁ። አማት የምትሆነኝ አጣሁ። ሁሉም ጥሩ ሰው ጥሩ ሰው ይሸታሉ።»

ያን ዕለት ምራት የአንዱን ካርድ ከሌላው ጋር ስታምታታ ዋለች። በአሥራ ሦስት ዓመት እንዲህ ሆና አታውቅም። ደስ ይበላት ወይስ ይክፋት ለይታ ለመናገር ሞከረችና አልመጣላትም። መሥራት እንደምትፈልግ ብቻ ታውቃለች። ውስጧን ብትጠይቅ ሌላ ነገር አላገኘችበትም፤ ይሄ ብቻ ነበር የቀረው።

የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር፣ «ከሄድሽ ነገ ቦታሽን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው» አለቻት። «ይሄ ቤት እንደ ድራማችሁ ወጥቶ መግባት የለውም።»

«ገብቶኛል።»

እህቷ ደግሞ ጭንቅላቷን ይዛ ጮኸች። «አንቺ ሴትዮ ጤናሽን ነው? እንደገና ልትሞቺለት?»

«ሥራ ነው።»

«መሞት ሥራ ነው?»

«ሌላ የማውቀው የለኝማ» አለች ምራት፣ ጋዋኗን እያጠፈች።

ፊርማው ላይ መቀስ እስክሪብቶውን ከመስጠቱ በፊት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ መደርደሪያው፣ ምራትሽን ሆና ለምትሠራው ለአዲሷ ልጅ ትንፍሽ እንዳትዪ። ሁለት ወር ፈልጌ ነው ያገኘኋት። ከሸሸች አንቺን ነው የምጠይቀው፤ አብረሽ ነው የምትወጪው።»

ምራት ፈረመች።

መቅረጫው የድሮ መጋዘን ነው። በኮምፔርሳቶ ግድግዳ ተከፋፍሎ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ ቢሮ፣ አንዱ ሆስፒታል ሆኗል። የሆስፒታሉ ግድግዳ አረንጓዴ ቀለም ገና አልደረቀም። ምራት አልጋው ላይ ወጥታ ቀና ስትል የተሰቀለውን ግሉኮስ አየች።

«ይሄ አይወርድም። ቁልፉ ተዘግቷል።»

«ለምትሞት ሴትዮ ምን ሊያደርግላት?» አለ ካሜራማኑ፤ ሁሉም ሳቁ።

አዲሷ ልጅ በሩጫ ገባች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ጆሮዋ ሥር ያልተጠረገ ቀይ ቀለም አለ።

«እትዬ፣ እኔ ጠዋት ሞትኩ እኮ! በመኪና! አንዴ ብቻ ነው የቀረፁኝ፤ መኪናው ሲቆም ዓይኔን አልጨፈንኩም ነበር፣ ግን ጋሼ ይበቃል አለ። እማዬ ካየች በቃ፣ ሌላ ቀብር ነው።»

«እንኳን ደስ ያለሽ።»

«ለምንድነው ግን ሞቱን ያስቀደሙት? ገና እኮ አልተጋባሁም። ጥርሴን ነክሼ አማቴን ሳልጣላ ልሙት?»

ምራትን ስትቀባ የነበረችው ሜካፕ ሠሪ ብሩሿን አቆመች። ምራት አልጋው አጠገብ በቆመው መስታወት ውስጥ የሜካፕ ሠሪዋን ዓይን አየችው፤ ከዚያ የራሷን።

«መኪናው የተገኘው ዛሬ ብቻ ስለሆነ ነው» አለች።

«አሃ!» አለች ልጅቷ፤ ረክታ ጸጉሯን ማስተካከል ጀመረች።

ትዕይንቱ ቀላል ነው። አማት የሆነችው ምራት አልጋ ላይ ናት፤ የልጇ ሚስት የሆነችው አዲሷ ልጅ ደረቷ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች፤ አማት አንድ ነገር ልትናገር ትሞክርና ትሞታለች። ምራት በመጀመሪያው ቀረፃ ሞተች። በሁለተኛውም ሞተች። ችግሩ የልጅቷ ለቅሶ ነው።

«ከት! ይሄ ለቅሶ ነው ማስነጠስ?» አለ መቀስ።

ሳቅ ሆነ። ልጅቷም ሳቀች። በሦስተኛው ሽንኩርት አመጡላት፤ በአራተኛው አፍንጫዋ ብቻ ቀላ። በአምስተኛው መቀስ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና አልጋው ዘንድ መጣ።

«ምራት፣ አንቺ የድሮ ሰው ነሽ። እንደምታውቂው አድርጊና አስለቅሺልኝ። ይሄን ዛሬ ካልጨረስኩ ሁላችሁንም ነው የምበትነው።»

የድሮ ሰዎች መላ ነው። አልጋ ላይ ያለው ሰው ፊቱ በሚያለቅሰው ትከሻ ስለሚሸፈን፣ ድምፁም በኋላ ሙዚቃ ስለሚለብስ፣ እየተቀረፀ በሚያለቅሰው ሰው ጆሮ ያንሾካሹካል። የሚናገረው እውነተኛ ነገር መሆን አለበት፤ የውሸቱን ጆሮ ያውቀዋል። ምራት ራሷ ስንቱን እንዲህ አስለቅሳለች። አንዱን እናቱ በሞቱበት ቀን የለበሱትን ሹራብ አስታውሳው ሁለት ሰዓት ዝም ማሰኘት አቅቷቸው ነበር።

«አክሽን!»

ልጅቷ ተደፋችባት። ደረቷ ላይ ከበደቻት፤ የሽንኩርትና የሎሽን ሽታ አላት። ምራት የምትነግራት እውነት ፈለገች። የእናቷን ሞት አነሳችው፤ እንደ አንድ የተዘጋ ካርድ ነበር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀን። የወለደችው የለም። የፈታችው ባል ነበር፤ እሱም አልተነሳም። ማሰብ ያለባት ጊዜ እያለቀ ነው፤ ካሜራው ይሮጣል። እጇ ላይ የቀረው እውነት አንድ ብቻ ነበር።

«ጠዋት የቀረፁሽን ካሴት መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውታል» አለች፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ። «ስምሽ ተጽፎበታል። አንድ ቀን አንድ ነገር ትጠይቂዋለሽ። እናትሽ ትታመም ይሆናል። ያን ቀን ያሳዩታል። እኔ የኔን እራት እየበላሁ ነው ያየሁት። የሞትኩት ከዘጠኝ ዓመት በፊት በነበረኝ የልጅነት ፊት ነበር። ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ቁጥር ስጠራ ነበር።»

ድምፅዋ የክሊኒኩ ድምፅ ነበር። መቀስ ያላት ትዝ አላት፤ አብረሽ ነው የምትወጪው ብሏታል። ትዝ ያላት ግን ከተናገረች በኋላ ነው። ያም ቢሆን ምንም አልመሰላትም። የሚቀረው መሞት ስለነበር ትንፋሿን ለቀቀች፤ አንገቷን ወደ ግድግዳው አዘነበለች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ለቅሶ ጠበቀች። አልመጣም።

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። የልቧ ምት ምራት ደረት ላይ ይሰማል፤ መጀመሪያ ፈጣን፣ ከዚያ ዝግ ያለ። ከዚያ ክብደቱ ከላይዋ ተነሳ። አልጋው ሲጥ አለ።

«አትቁረጥ» አለ መቀስ ለካሜራማኑ በሹክሹክታ። «ተዋት። አየህ ፊቷን? ይሄ ነው ለቅሶ ማለት። ተከተላት፣ ተከተላት።»

«ከት!» ያለ ስለሌለ ምራት ዓይኗን አልገለጠችም። ቀዝቃዛ አየር አንገቷን ነካት። የልጅቷ የጫማ ኮቴ ወለሉ ላይ ይሄዳል። ኮቴው አይሮጥም፣ አይዘገይም። የኮምፔርሳቶው ግድግዳ ተንቀጠቀጠ።

«በሩ ጋ ስትደርስ ዞር በይ!» አለ መቀስ፣ ከፍ አድርጎ።

ኮቴው ሳሎኑን አለፈ። ቢሮውን አለፈ። የመጋዘኑ የብረት በር ተከፈተ፤ የመንገዱ የመኪና ድምፅ አንዴ ገባ፤ በሩም መልሶ ተዘጋ።